ጨረታ ያልወጣበት ግዥና የገበሬው አቤቱታ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአካባቢው አመራር አካላት የቀረበ ንግግር



የምሥረታ በዓል ሲከበር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሰራጨ፣ ስንት ኩንታል ጤፍና ስንዴ እንደተሰበሰበ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ምን ያህል እንደደረሰ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን መጋዘን የገባ እህል በደህና ዋጋ የሚገዛው ካልተገኘ ቁጥሩ ብቻውን ለአባሉ ጥቅም አይሆንም። ከትልልቆቹ ገዢዎች አንዱ ደግሞ መንግሥት ነው። ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ማሠልጠኛ ጣቢያ እህል፣ ወተትና አትክልት ይገዛሉ። ከተማ አስተዳደር ለመንገዱ ድንጋይና ጠጠር፣ ለትምህርት ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ ይገዛል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነዋል፤ በዙሪያቸው የሚያመርተው ገበሬም ከነዚህ ገዢዎች ደጃፍ ላይ ይኖራል።

ጥያቄው ግን የቅርበት አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ግልጽ ጨረታ ሳያወጣ ከአንድ አቅራቢ ብቻ ሲገዛ፣ ሊወዳደር ይችል የነበረው ማኅበር ምን መብት አለው? ለማን ይጮኻል? በስንት ቀን ውስጥ? የዚህ ንግግር ርዕሰ ጉዳይ ይኸው ነው።

ሕጉ ከየት ተነሳ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ ይግዛ የሚለው ሐሳብ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ሲደነግግ ስለ ጨረታ አካሄድም አስቀምጧል። ራሱን የቻለ የፌዴራል የግዥ አዋጅ በ1997 ዓ.ም. በቁጥር 430 ወጣ። እሱም በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 649 ተተካ። ይህ አዋጅ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ስለዚህ የሸገር ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ግዥ በኦሮሚያ ክልል ሕግ ይመራል፤ በአካባቢው የሚገኝ የፌዴራል ተቋም ግዥ ደግሞ በፌዴራሉ አዋጅ ይመራል። አቤቱታ ከመጻፍ በፊት በመጀመሪያ የሚጣራው ገዢው የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው።

በ2001ዱ አዋጅ መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነበር። መደበኛው የግዥ ዘዴ ግልጽ ጨረታ ነው። ውስን ጨረታ፣ በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸም ግዥ (በተለምዶ ፕሮፎርማ የሚባለው) እና ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ቀጥታ ግዥ ሁሉ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። ቀጥታ ግዥ የተፈቀደው ለተቆጠሩ ምክንያቶች ነው። ዕቃው ከአንድ አቅራቢ በቀር የማይገኝ ሲሆን፣ ቀድሞ ለተገዛ መሣሪያ መለዋወጫ ሲያስፈልግ፣ ቢዘገይ ከባድ ችግር የሚያስከትል አስቸኳይ ሁኔታ ሲፈጠር እና በመሳሰሉት። ከግልጽ ጨረታ ለመሸሽ ሲባል ግዥን መከፋፈልም ተከልክሏል።

የመከፋፈሉን ጉዳይ በምሳሌ ማየት ይሻላል። እንበልና አንድ መሥሪያ ቤት በዓመት 500 ኩንታል ስንዴ ያስፈልገዋል። ይህን በአንድ ጊዜ ቢገዛ ጨረታ ማውጣት አለበት። በየሁለት ወሩ መቶ መቶ ኩንታል እያደረገ ከሦስት ሰዎች ፕሮፎርማ ቢሰበስብ ግን ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ የሚጠየቁትም ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በኩንታል የ200 ብር ልዩነት ቢኖር በዓመት 100,000 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ወጥቷል፤ ወደ አምራቹም አልገባም። እያንዳንዱ ግዥ ለብቻው ሲታይ ደንቡን የጠበቀ ይመስላል። የዓመቱ ሲደመር ግን ሕጉ የከለከለው ነገር ይወጣል።

ያለ ጨረታ የተገዛው ምን ሆነ?

በአገሪቱ ታሪክ ያለ ጨረታ ስለተፈጸመ ግዥ ሕዝብ በስፋት የሰማው ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ በሰጡት መግለጫ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በስድስት ዓመታት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመ ድርጅት ነው። የስኳር ፋብሪካዎች፣ የታላቁ የህዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራና ሌሎች ፕሮጀክቶች ያለ ውድድር ተሰጥተውት ነበር። ማለትም ውድድር የቀረው በሁለት በኩል ነው። ሥራው ለሜቴክ ሲሰጥ ጨረታ አልነበረም፤ ሜቴክም ከውጭ ሲገዛ ጨረታ አልነበረም።

ለገበሬው ከሁሉም በላይ የሚቀርበው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። በኢሉባቦር ያዩ የድንጋይ ከሰልን ተጠቅሞ ዩሪያ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ለሜቴክ ተሰጠ። በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ የታሰበው ሥራ ሳያልቅ ቆመ። ዩሪያ እስከ ዛሬ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ በዩኒየኖች መጋዘን በኩል ለአባላት ይደርሳል። ማዳበሪያ በዘገየ ቁጥር ማኅበሩ በር ላይ የሚሰለፈው አባል በያዩ ግዥ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ የጠየቀው አልነበረም። ጉዳዩ ግን የእሱ ነበር።

የሕጉ መልስ ምን ሆነ? የሜቴክ ኃላፊዎች ተያዙ፣ በሙስና ወንጀል ተከሰሱ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. መንግሥት የ63 ሰዎችን ክስ ሲያቋርጥ ከሜቴክ ተከሳሾች የተወሰኑት በዚያ ውስጥ ነበሩ። ክሱ ይሂድ ወይም ይቋረጥ፣ የወንጀል ክስ የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ጥፋተኛን ይቀጣ ይሆናል፤ የቆመውን ፋብሪካ ግን አያስነሳም። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የግልገል ጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ተሰጠ። የጣሊያን መንግሥት 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ። በብድሩ አሰጣጥ ላይ በጣሊያን ጥያቄ ተነስቶ የሮም ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተ፤ ግንባታው ግን አልቆመም። ማመንጫው በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ቀን ሳይቆይ ወደ 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የውኃ መተላለፊያ ዋሻው በአንድ ክፍሉ ተደርምሶ ተቋረጠ፤ ተጠግኖ በ2003 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። የዋሻው መደርመስ ከመሬቱ ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጨረታ ባለመውጣቱ ተደረመሰ ማለት ትክክል አይሆንም። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ግዥ ላይ የሕግ ጥያቄ የተነሳው በአበዳሪው አገር እንጂ በተበዳሪው አገር አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ግልገል ጊቤ ሦስትም ያለ ጨረታ ለዚያው ኩባንያ በመሰጠቱ የዓለም ባንክ የግዥ ደንቡን አያሟላም ብሎ ለግንባታው ገንዘብ አልሰጠም። ያለ ጨረታ መግዛት አንዳንድ ጊዜ ርካሽ ብድርንም ያሳጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሰበታ ይነሳል። የኢትዮ ጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር ከሰበታ ተነስቶ ይሄዳል። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ከወጪው 70 በመቶ ያህሉን ያበደረውም የቻይና ኤክዚም ባንክ ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በእንዲህ ያለው አሠራር ብድሩና ሥራ ተቋራጩ ተያይዘው ይመጣሉ። በ2001ዱ አዋጅ መሠረትም የግዥ ሕጉ መንግሥት ከሌላ መንግሥት ወይም ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ከገባው ስምምነት ጋር ሲጋጭ ስምምነቱ ይበልጣል።

የጎረቤት ኬንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ኬንያም ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ተመሳሳይ የባቡር መስመር በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጭ ሠርታለች። ኦኪያ ኦምታታ የተባሉ የመብት ተሟጋችና የኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ውድድር የተሰጠ ሥራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገባቸው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2020 ግዥው ሕግን ያልተከተለ ነበር ብሎ ወሰነ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ መጓዝ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከብድር ስምምነት የመነጨ ግዥ በመሆኑ ከግዥ ሕጉ ውጭ ነው በማለት የይግባኙን ውሳኔ ሻረ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ከሳሾቹ ተጫራቾች አልነበሩም፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ሰምቷቸዋል። ሁለተኛው፣ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ክርክር ውሉ ከተፈረመ በኋላ የተጀመረ ስለሆነ ቢረታም ባይረታም ውሉን አይመልሰውም ነበር።

አቤቱታው ለምን ይከብዳል?

በ2001ዱ አዋጅ አንድ ተወዳዳሪ ቅሬታ ካለው፣ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ማመልከት ነበረበት። ኃላፊው የግዥውን ሂደት አግዶ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ተወዳዳሪው ካልረካ ወይም መልስ ካላገኘ፣ በሌላ 5 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ አቤቱታ ሰሚ ቦርድ ይሄዳል። የአሁኑን ቀን ገደብ ከ2016ቱ አዋጅና ከክልሉ ሕግ አረጋግጦ መያዝ ያስፈልጋል፤ ገደቡ አጭር መሆኑን ግን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ይህ ሥርዓት ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። አቤት ባይ የሚሆነው ተወዳዳሪ ነው። ጨረታ ካልወጣ ተወዳዳሪ የለም። ተወዳዳሪ ከሌለ አቤት ባይ የለም። በጨረታው ላይ ትንሽ ስህተት የሠራ ኃላፊ አሥር ተጫራች ሲጮኽበት፣ ጨረታውን ጭራሽ ያላወጣው ግን በሰላም ያድራል።

ቀዳዳው የመጣው ከውጭ ጭምር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የግዥ ሞዴል ሕግ፣ የግዥ ዘዴ አመራረጥ ለአቤቱታ እንዳይቀርብ አድርጎ ነበር። የ2001ዱ የኢትዮጵያ አዋጅም የግዥ ዘዴ አመራረጥን አቤቱታ ከማይቀርብባቸው ጉዳዮች መካከል አስቀምጦታል። ስለዚህ «በዋጋ ግምገማው በደል ደረሰብኝ» ማለት ይቻላል፤ «ጨረታ ማውጣት ሲገባችሁ ለምን ቀጥታ ገዛችሁ» ማለት ግን በዚያ በር አይገባም። ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሻሻለው ሞዴል ሕግ ይህን ገደብ አንስቶታል፤ ስህተት መሆኑን ዓለም ተቀብሏል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በር ተዘግቷል ማለት አይደለም።

ክፍት የሆኑት በሮች

የመጀመሪያው በር መረጃ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የሚጠየቀውም ግልጽ መሆን አለበት። ግዥው በየትኛው ዘዴ ተፈጸመ? ከግልጽ ጨረታ ውጭ ለመግዛት የቀረበው ምክንያት ምንድን ነው? ማን አጸደቀው? የአጽዳቂ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የተያዘው መቼ ነው? ምክንያት ያለው ቀጥታ ግዥ የጽሑፍ ምክንያት ይኖረዋል። ወረቀት ከሌለ፣ ወረቀት አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሁለተኛው በር ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ይህ ደብዳቤ ዋጋ የሚኖረው ውል ከመፈረሙ በፊት ሲደርስ ነው። ለዚህ ደግሞ ማኅበሩ ዓመቱ ሲጀመር «ይህን ያህል ስንዴ፣ ይህን ያህል ወተት የማቅረብ አቅም አለን፤ ጨረታ ሲወጣ እንወዳደራለን» ብሎ ለየመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ማስታወቅ፣ በአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥም መመዝገብ አለበት። በኋላ መሥሪያ ቤቱ «ሌላ አቅራቢ ስለሌለ ቀጥታ ገዛን» ቢል፣ የማኅበሩ ደብዳቤ በመዝገብ ቤቱ ማኅተም ተመቶበት መልስ ይሰጥለታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው በር ኦዲትና ምክር ቤት ነው። ግዥ መከፋፈልና ያለ ጨረታ መግዛት ከኦዲተሮች የዘወትር ጥያቄዎች መካከል ነው። የኦዲት ሪፖርት ለምክር ቤት ይቀርባል። አንድ ማኅበር ያገኘውን ማስረጃ ለኦዲተሩና ለወከለው የምክር ቤት አባል ቢሰጥ፣ ጥያቄው ከአንድ ነጋዴ ቅሬታ ወደ ሕዝብ ጥያቄ ያድጋል።

አራተኛው በር የእምባ ጠባቂ ተቋምና የፀረ ሙስና አካላት ናቸው። የእምባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን ለመመርመር ነው። በወንጀል በኩል ደግሞ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሥልጣንን አላግባብ መገልገልን እና የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራትን ይቀጣል። ጥቆማ ለሚሰጥ ሰው ጥበቃ የሚያደርግ አዋጅም በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 699 ወጥቷል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አቤቱታ ላይ «እገሌ ሌባ ነው» ብሎ መጻፍ የስም ማጥፋት ክስ ያመጣል፤ ጉዳዩንም ያበላሻል። የሚጻፈው ቀን፣ መጠን፣ ዋጋና የተዘለለው ሥርዓት ነው። ፍርዱን ዳኛ ይስጥ።

አምስተኛው በር ፍርድ ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሕግ ሰውነት ስላለው በስሙ መክሰስ ይችላል። ፈተናው ያለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33 ላይ ነው። ከሳሽ በክሱ ጉዳይ ላይ ጥቅም ያለው መሆን አለበት። «እንደ ዜጋ ቅር ብሎኛል» የሚለው በቂ ላይሆን ይችላል። «በመጋዘናችን ይህን ያህል ኩንታል ነበር፤ በዚህ ቀን ለመወዳደር ጽፈን ጠይቀናል፤ ጨረታ ባለመውጣቱ ይህን ጥቅም አጥተናል» የሚል ማኅበር ግን ጥቅሙን ማሳየት ይችላል። የሁለተኛው በር ደብዳቤ በዚህኛውም በር የሚያስገባው ለዚህ ነው። በፌዴራል ተቋማት ላይ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል።

እነዚህ በሮች ሁሉ የሚጠይቁት ፍጥነት ነው። ሰኞ ዕለት ወሬውን የሰማ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴውን በወሩ መጨረሻ ቢሰበስብ አምስቱ የሥራ ቀናት አልፈውበታል። ስለሆነም ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ አቤቱታ የማቅረብ ሥልጣን ለሰብሳቢውና ለሥራ አስኪያጁ በቃለ ጉባኤ ቢሰጥ ትልቅ ዕዳ ይቀንሳል። የጨረታ ማስታወቂያ በየዕለቱ የሚከታተል አንድ ሠራተኛም መመደብ ይገባል፤ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ፣ በመሥሪያ ቤቶች ሰሌዳና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፌዴራሉ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ላይ ይገኛል። ለክልልና ለከተማ መሥሪያ ቤት የሚጻፈው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራሉ በአማርኛ ቢሆን ጉዳዩ ለትርጉም እየተባለ አይጓተትም።

ቀጥታ ግዥ ሁሉ በደል ነው?

አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዩኒየኖች ራሳቸው ያለ ግልጽ ጨረታ ከሚገዙት ተጠቅመዋል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከአነስተኛ አምራቾች የሚገዛበትን ልዩ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በ20 አገሮች ሲሞክር፣ ከትልልቅ ነጋዴዎች ጋር መወዳደር ለማይችሉ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቀለል ያለ ጨረታና ቀጥታ ውል ተጠቅሟል። ከምርት በፊት የሚፈረም የወደፊት አቅርቦት ውልም ነበረው፤ ዩኒየኖች ውሉን ይዘው ከባንክ ብድር ለመጠየቅ ይችሉ ነበር። ያ አሠራር ተቀባይነት ያገኘው ከማን፣ ለምን፣ በምን የጥራት ደረጃ እንደሚገዛ አስቀድሞ በጽሑፍ የታወቀ በመሆኑ ነው። ማንም ዩኒየን መስፈርቱን አንብቦ «እኔም አሟላለሁ» ማለት ይችል ነበር።

እንግዲህ መስመሩ እዚህ ላይ ነው። ያለ ጨረታ መግዛት በራሱ በደል አይደለም። ምክንያቱን ሳይጽፉ፣ ለሌላው ሳያሳውቁ፣ ጠያቂ ሲመጣ መልስ ሳይሰጡ መግዛት ግን በደል ነው። ልዩ መብት ሲሰጠው ዝም የሚልና ለሌላ ሲሰጥ ብቻ ፍትሕ ፍትሕ የሚል ዩኒየን አቤቱታው ሰሚ አያገኝም።

ከሰበታ አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ለውጭ ኩባንያ ሲሸጥ መንግሥት ያወጣው ጨረታ ነበር፤ ዋጋውም 225 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ፋብሪካው ከዚያ ወዲህ እንደገና ባለቤት ቀይሯል። ሽያጭ እንጂ ግዥ ባይሆንም የሚያሳየው ነገር አንድ ነው። ተወዳዳሪዎች በተገኙበት የወጣ ዋጋ፣ ቢወደድም ቢረክስም፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ያለ ውድድር የወጣ ዋጋ ግን ትክክለኛ ቢሆን እንኳን አሳማኝ ማስረጃ የለውም።

የራስ ቤት

የመጨረሻው ነጥብ የማኅበሩን የራሱን ደጅ ይመለከታል። ዩኒየኑም ይገዛል። ጆንያ ይገዛል፣ የጭነት መኪና ይከራያል፣ መጋዘን ያሠራል፣ ወፍጮ ያስመጣል። ገንዘቡ የአባላት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤውን የበላይ አካል ያደረገው፣ ለቁጥጥር ኮሚቴውም የመመርመር ኃላፊነት የሰጠው ለዚህ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴ አባል «ይህ መኪና ስንት ዋጋ ተወዳድሮ ተከራየ?» ብሎ ሲጠይቅ እንደ ጠላት ከታየ፣ ያ ማኅበር ነገ የከተማውን አስተዳደር ለመጠየቅ አንደበቱ አይፈታም። ገበሬ ዘር ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ፣ በጥርሱ ሰብሮ፣ ከሌላው ጋር አስተያይቶ ነው። የማኅበሩም ግዥ ከዚህ ያነሰ ምርመራ ሊደረግበት አይገባም።

የተከበራችሁ የከተማና የወረዳ አመራር አካላት፣

ከእናንተም የሚጠበቅ አለ። በየሩብ ዓመቱ ከግልጽ ጨረታ ውጭ የተፈጸሙ ግዥዎችን ዝርዝር ከነምክንያታቸው በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም። የዓመቱን የግዥ ዕቅድ አስቀድሞ ማሳወቅም እንዲሁ፤ በመኸር የሚሰበስብ ማኅበር በሐምሌ የሚወጣን ጨረታ ለመጠበቅ እህሉን መያዝ የሚችለው አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ምክንያቱን ጽፎ የለጠፈ ኃላፊ ሐሜትን ይቀንሳል፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣም የሚያሳየው ወረቀት አለው። ግልጽነት ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ቅን ሠራተኛውን ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባለ በየበዓሉ ይነገራል። ድሩ የሚያብረው ግን ምርት ለመሰብሰብ ብቻ መሆን የለበትም። አንድ ገበሬ ብቻውን የመሥሪያ ቤትን ቃለ ጉባኤ ልይ ቢል ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል። በሺህ የሚቆጠሩ አባላት ያሉት፣ ማኅተም ያለው፣ በመጋዘኑ እህል ያለው ዩኒየን ሲጠይቅ ግን ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ከዚህ በዓል በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ ሦስት ነገር ቢወሰን በቂ ነው፤ የአቤቱታ ሥልጣን በቃለ ጉባኤ ይሰጥ፣ የጨረታ ክትትል ሠራተኛ ይመደብ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ የአቅርቦት ማስታወቂያ ደብዳቤ ይጻፍ። ሦስቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ።